የፎክላንዱ ታሳክ ሣር፦ «አያሰጋውም» ከተባለ 80 በመቶው የት ገባ?

ሞተር ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። መርከብ ላይ ነው የምሠራው። ስሜ እንደሚለው ሞተር ክፍል። በዚህ ወቅት ጎብኚ ጭነን ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነስተን ወደ ፎክላንድ ደሴቶች፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ጆርጂያ ደሴት፣ ከዚያም ወደ አንታርክቲካ እንመላለሳለን። ተሳፋሪው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፔንግዊን ነው። እኔን ግን አንድ ሣር ይዞኛል።

ታሳክ ይሉታል። ሣር ሲባል ሜዳ ላይ የተነጠፈ ነገር እንዳታስቡ። እያንዳንዱ ለብቻው ጉቶ ሠርቶ ይቆማል። ጉቶው የራሱ የሞተ ቅጠልና ሥር ተደራርቦ የተሠራ ነው። ከላዩ ረጃጅም ቅጠል ተዘርግቶ ይወርዳል። ሲደመር ከሰው ቁመት ያልፋል፤ ሦስት ሜትር የሚደርስም አለ። ውስጡ ከገባችሁ ጓደኛችሁን አታዩትም። ደሴቶቹ ላይ ሀገር በቀል ዛፍ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ጫካቸው ይሄ ሣር ነው ማለት ይቻላል። በጉቶዎቹ መሀል የባሕር አንበሳ ተጋድሞ ሊያጋጥም ስለሚችል አስጎብኚዎቹ «ዝም ብላችሁ እንዳትገቡ» እያሉ ይጮኻሉ።

ወደ ደቡብ ጆርጂያ ከመሄዳችን በፊት ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ተሳፋሪም ሠራተኛም ከመርከብ ለመውረድ ጫማውን ይፋቃል፣ በመድኃኒት ይነከራል። የጃኬት ኪስ በቫኩም ይጠረጋል። የሚጣበቀው የልብስ ማያያዣ ውስጥ የገባ ዘር በወረንጦ ይለቀማል። ከዚያ ተቆጣጣሪ ይመጣል። አንዲት የሣር ዘር ከተገኘች ወሬ ነው።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። አስጎብኚው «ፎክላንድ ላይ ከነበረው ታሳክ ሰው ከሰፈረ ወዲህ 80 በመቶ ገደማው ጠፍቷል» አለን። ወዲያው ደግሞ «ዝርያው ግን ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ አይደለም» አለ። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? እዚህ የዕፅዋት ነገር የምታውቁ አላችሁ፤ እስቲ አስረዱኝ።

---

ሐና ዘዕፅዋት

ጥሩ ነገር አነሳህ ወንድሜ። ሁለቱም እውነት ነው።

«ለመጥፋት የተቃረበ» የሚለው መዝገብ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ዝርያ ከምድር ላይ ፈጽሞ የመጥፋት ዕድሉ ስንት ነው? ታሳክ በፎክላንድ ብቻ አይበቅልም። ደቡብ ጆርጂያ ላይ የባሕር ዳርቻውን ሞልቶታል። ጎፍ ደሴት ላይ አለ፤ በደቡብ አሜሪካ ጫፍም አለ። ፎክላንድ ራሷ ከ700 በላይ ትንንሽ ደሴቶች አሏት። ከነሱ ብዙዎቹ በግ ረግጧቸው አያውቅም፤ ሣሩ እንደ ድሮው ቆሟል። ስለዚህ ዝርያው ነገ አይጠፋም። መዝገቡ አልዋሸም።

ግን መዝገቡ ያልተጠየቀውን አይመልስም። ሣሩ አለ ማለት የሣሩ ሥራ አለ ማለት አይደለም። ታሳክ እዚያ ቤት ነው። ማጀላኒክ የሚባለው ፔንግዊን ጉድጓዱን ከሥሩ ይቆፍራል። ሌሊት ብቻ ወደ የብስ የሚመጡ የባሕር ወፎች በሺዎች እየሆኑ ሥሩ ውስጥ ይፈለፍላሉ። ዋና ከተማዋ ስታንሊ አጠገብ ያለችው ኪድኒ ደሴት በዚህ ትታወቃለች። ኮብስ ሬን የምትባል ቡናማ ትንሽ ወፍ አለች፤ ከፎክላንድ ሌላ የትም የለችም። እሷ የምትኖረው ደግሞ አይጥ ያልገባባቸው ደሴቶች ላይ ብቻ ነው። 80 በመቶው ሲነሳ የእነዚህ ሁሉ ቤት ነው የተነሳው።

አፈሩንም አትርሱ። የታሳክ ቅሪት ቅዝቃዜና እርጥበቱ እንዲበሰብስ ስለማይፈቅድለት እየተደራረበ ፒት የሚባለውን ጥቁር አፈር ይሠራል። ቦሼን የምትባል ደሴት ላይ ከ10 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ተገኝቷል። የታችኛው ንጣፍ ዕድሜው ከ12,000 ዓመት ይበልጣል። ሣሩ ሲነሳ ያ አፈር ራቁቱን ይቀራል። የፎክላንድን ነፋስ አንተ አይተኸዋል፤ የቀረውን ነፋሱ ይጨርሰዋል።

እኔ እንደሚመስለኝ አስጎብኚው «አያሰጋውም» ካለ በኋላ «ዝርያውን» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት።

---

ኳስ ብቻ

ይሄ ማልቪናስ አይደል እንዴ? የአርጀንቲና ነው። ሜሲ ይምጣና ይትከለው 😂

---

አወያይ

የደሴቶቹ ባለቤትነት ጉዳይ ሌላ ክር ይከፈትለት። እዚህ ስለ ሣር ነው።

---

የመንዝ ሰው

ልጆች፣ ደስ የሚል ወሬ ነው። እኔ የተወለድኩት መንዝ ነው፤ ጓሳ አጠገብ። የምትሉትን ሣር በዓይኔ አላየሁትም፤ ታሪኩን ግን አውቀዋለሁ።

የእኛም ጓሳ እንዲሁ እየተቋጠረ የሚበቅል ሣር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ብርድ ላይ። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይፈተልበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ያለው እዚያው ነው። አባቶቻችን የአስቦና የጌራ ዘር ብለው ተከፋፍለው ሲጠብቁት ኖረዋል። ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ሣሩ ሲደርስ ተመካክረው ይከፍቱታል። ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ሹልክ ብሎ የገባ ሰው ቅጣቱ የዋዛ አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ። አዋጁ ለብዙ ገበሬ ትልቅ ነገር ነበር፤ እሱን አልክድም። ጓሳ ግን ጠባቂ አጣ። የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነ። በኋላ ሕዝቡ ኮሚቴ አቋቁሞ ሥርዓቱን በአዲስ መልክ መለሰው፤ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው።

እና ሐና ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ ፎክላንድ መሬቱ የማን ነው? ማን ነው የሚዘጋው? ማን ነው የሚከፍተው?

---

ሐና ዘዕፅዋት

ጋሼ፣ እንደ ጓሳ የጋራ አይደለም። አብዛኛው የግል የበግ እርሻ ነው። ስለዚህ የሚዘጋውም የሚከፍተውም ባለ እርሻው ነው። መንግሥትና የጥበቃ ድርጅቶች የያዟቸው ደሴቶችም አሉ።

የሚገርመው፣ እዚያም መዝጋትና መክፈት ነበር፤ አሁንም አለ። አንዳንድ ገበሬዎች ታሳኩን በአጥር ይከልሉትና ዓመቱን ሙሉ ሳይነኩት ያቆዩታል። ክረምት ላይ ሌላው ግጦሽ ሲያልቅ ከብቱን ለትንሽ ጊዜ ያስገቡታል። ከዚያ ያወጡታል። በዚህ መንገድ ሣሩም ይኖራል፣ ከብቱም ክረምቱን ይሻገራል።

---

ለምን ብዬ

ይቅርታ፣ ግን በግ ሣር በላ ብሎ ማልቀስ ምንድን ነው? በግ ሣር ካልበላ ምን ይብላ? እነዚያ ሰዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ በሱፍ ነው የኖሩት። ደሴቱ ላይ ያለው ሰው ቁጥር ከአንድ ቀበሌ ያንሳል። ሣር ይበልጣል ወይስ ኑሮ?

---

ሐና ዘዕፅዋት

@ለምን ብዬ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን በጉን ራሱን ጠይቀው፤ ታሳኩ ሲጠፋ የተጎዳው እሱም ነው።

ታሳክ የጉቶው እምብርት ላይ ስኳር ያከማቻል። ለስላሳው ነጭ ክፍል ሰውም ይበላዋል፤ የጥንት መርከበኞች በልተውታል። ከብት ደግሞ ያብድለታል። ቅጠሉን ብቻ አይበላም፤ እስከ እምብርቱ ድረስ ይዘልቃል። ሣሩ የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነው። እምብርቱ ሲበላ ጉቶው ይሞታል። አዲሱን ቡቃያ ደግሞ በጉ ብቅ ሲል ይቀጥፈዋል። ጉቶ ሞቶ ምትክ ካልበቀለ ጨዋታው አለቀ።

ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1764 ሰፍረው ከብት አመጡ። ከብቱ አምልጦ ዱር ገባ። በግ የበዛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የዚያን ጊዜ ሰዎችም አላዩም አይባልም። በ1842 ጆሴፍ ሁከር የሚባል ወጣት የዕፅዋት ሊቅ በአንታርክቲክ አሳሾች መርከብ መጥቶ ሣሩን አይቶ ተደንቋል። ለእንስሳት መኖ ምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ ጽፏል። ዘሩ ወደ ብሪታንያ ሳይቀር ተልኮ ተሞክሯል። አስቡት እንግዲህ፤ ጥቅሙ በመጽሐፍ ተጽፎ፣ ዘሩ ባሕር ማዶ ተልኮ፣ ሀገሩ ላይ ያለው ደግሞ እስከ ሥሩ እየተጋጠ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ በግ ወይስ ሣር አይደለም። በአጥር የተጠበቀ ታሳክ ያለው ገበሬ የክረምት መኖ አለው። ታሳክ የሌለው ገበሬ ግን ያለው ጥቁር አፈር ብቻ ነው።

---

ሞተር ክፍል

ስለ በግ ካነሳችሁ አይቀር፣ ስታንሊ ከተማ ውስጥ የፎክላንድ አርማ አለ። አርማው ላይ አንድ ሙክት የሚያህል ወጠጤ በግ ቆሟል። የቆመው የት ላይ መሰላችሁ? ታሳክ ሣር ላይ 😄 ቀጥ ብሎ፣ ምንም እንዳላደረገ።

የደቡብ ጆርጂያ አርማ ደግሞ ይብሳል። አናቱ ላይ ሬይንዲር፣ የብርድ ሀገር አጋዘን፣ አለ። የዚያን ታሪክ ማታ ከፈረቃ ስወጣ እጽፋለሁ።

---

ሱሉልታ ወተት

ሰላም። እኔ ላም አረባለሁ። መኖ እንዴት እንደተወደደ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይሄ ሣር ብርድ ይወዳል ካላችሁ፣ ከብትም ካበደለት፣ ዘሩን አስመጥተን ደጋ ላይ ብንተክለውስ? መርከበኛው ወንድማችን ትንሽ በኪሱ ይዞ ቢመጣ 🙏

---

ሞተር ክፍል

@ሱሉልታ ወተት እህቴ፣ ኪሴን በቫኩም ነው የሚያጸዱት አልኩሽ እኮ 😂

---

ሐና ዘዕፅዋት

@ሱሉልታ ወተት በፍጹም አይሆንም። አንደኛ፣ ታሳክ የባሕር ዳርቻ ሣር ነው። የጨው ነፋስ፣ የባሕር ወፍ ኩስ፣ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ለምዷል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ዝናብ የሚጠብቅ ደጋ ላይ መከራውን ነው የሚያየው። ሁለተኛ፣ ከባዕድ ሀገር «ጠቃሚ ነው» ተብሎ የመጣ ተክል ምን እንደሚያደርግ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ፕሮሶፒስ አፋር ላይ ጥላና ማገዶ ይሆናል ተብሎ ነው የተተከለው። ዛሬ የግጦሽ መሬቱን ውጦታል። ጣና ላይ ያለውን እምቦጭ ማንሳት አልፈልግም።

ለላሞችሽ የሚሆን ሀገር ውስጥ የተሞከረ ሣር አለ። ደሾን ጠይቂ። ሀገር በቀል ነው፣ ደጋ ላይ ይይዛል፣ እርከን ላይም ይተከላል። ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ግንጣዩን ታገኛለሽ።

---

ሱሉልታ ወተት

እሺ አመሰግናለሁ። ደሾ ጎረቤቴ ጋ አለ፤ እጠይቃታለሁ።

---

የሆኖሉሉ ልጅ

ዘግይቼ ገባሁ። እኔ ሀዋይ ነው የምኖረው። የደሴት ሣር ካነሳችሁ የላይሳንን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እዚህ ደግሞ እኛን የሚነካ ነገር አለ።

ላይሳን ከሀዋይ ሰሜን ምዕራብ ራቅ ብላ ያለች አራት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሆን ዝቅ ያለች ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1903 አንድ ሰው ለሥጋ ንግድ ብሎ ጥንቸል አመጣ። ንግዱ የትም አልደረሰም፤ ጥንቸሉ ግን ተራባ። በ20 ዓመት ውስጥ ደሴቲቱን አሸዋ አደረጋት። በ1923 የሳይንስ ቡድን መጥቶ የቀሩትን ጥንቸሎች ሲገድል፣ የላይሳን ብቻ ከሆኑት የወፍ ዓይነቶች ሦስቱ ለጥፋት ተዳርገው ነበር፤ ሁለቱ ያኔውኑ አለቀላቸው። ሦስተኛው ሚድዌይ ወደምትባል ሌላ ደሴት ተወስዶ ስለነበር እስከ 1944 ቆየ። እዚያ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ አይጥ ደረሰበት።

አሁን ወደ ሣሩ። ላይሳን ላይ አንድ ለብቻው የተለየ የሴንክረስ ሣር ነበር። ጠፋ፤ ማንም አላገኘውም። ዘመዱ ኦዋሁና ማዊ ደሴቶች ላይ ጥቂት ቀርቷል፤ ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ «ለመጥፋት የተቃረበ» ተብሎ ይጠበቃል። ሌላው፣ ዋነኛው ሣር ግን ከአሸዋው ውስጥ ተመልሶ በቀለ። ዛሬ ላይሳን ፊንች የምትባለው ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው እሱ ውስጥ ነው።

ያ ተመልሶ የበቀለው ሣር ኤራግሮስቲስ ቫሪያቢሊስ ይባላል። ኤራግሮስቲስ! የጤፍ ወገን ነው። ጤፍ ኤራግሮስቲስ ጤፍ፣ እሱ ኤራግሮስቲስ ቫሪያቢሊስ። ከሀዋይ ሌላ የትም የለም። እኔ እዚህ መጥቼ የጤፍ ዘመድ ገደል ላይ ቆሞ ሳይ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «ይፈጫል?» አለችኝ።

---

ሐና ዘዕፅዋት

@የሆኖሉሉ ልጅ እናትህን አደንቃለሁ 😂 ኤራግሮስቲስ ወገኑ ሰፊ ነው፤ ከ300 በላይ ዝርያ አለው። የሰው ልጅ እህል ብሎ በሰፊው የያዘው ግን ጤፍን ነው።

ላይሳን ላይ ከጥንቸሉ በኋላም ሌላ ጣጣ መጥቶ ነበር። ዘሩ የሚወጋ፣ ልብስ ላይ የሚጣበቅ መጤ ሴንክረስ ገብቶ የኤራግሮስቲሱን ቦታ ይይዝ ጀመር። የአሜሪካ የዱር እንስሳት አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሰው አስፍሮ በእጅ አስነቀለው። ዓመታት ፈጅቶ ተሳካ። ሞተር ክፍል ኪሱን በቫኩም የሚያስጸዳው ለዚህ ነው። አንዲት ዘር በልብስ ተጣብቃ ገብታ፣ ለማውጣት አሥር ዓመት መንቀል።

---

ሞተር ክፍል

እሺ፣ ቃል የገባሁትን የሬይንዲር ታሪክ ልንገራችሁ።

ደቡብ ጆርጂያ ላይ ድሮ የዓሣ ነባሪ ማረጃ ጣቢያዎች ነበሩ። ብዙዎቹን የያዙት ኖርዌጂያኖች ናቸው። የሀገራቸው ሥጋ ናፈቃቸው መሰለኝ እ.ኤ.አ. በ1911 ሬይንዲር አመጡ። በኋላም ጨመሩ። ጣቢያዎቹ በ1960ዎቹ ተዘጉ፤ ሬይንዲሩ ቀረ። አዳኝ የለ፣ ባለቤት የለ። ተራባ። ክረምት ላይ በረዶው ሁሉን ሲሸፍን ከበረዶው በላይ ብቅ የሚለው ታሳክ ብቻ ነው። እሱን ጋጠው። በባዶው ቦታ ከአውሮፓ የመጣ አንድ አጭር መጤ ሣር ገባ። ያ ደግሞ ግጦሽ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ይመቸዋል። ሬይንዲሩ ታሳኩን እያጠፋ ለመጤው ሣር መንገድ ይጠርግ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ማስወገድ ተጀመረ። ከኖርዌይ የሳሚ እረኞችና አዳኞች መጡ። በመንጋ የሚነዳውን ነድተው፣ የማይነዳውን ተኩሰው ከ6,000 በላይ ገደሉ። ከሥጋው የተወሰነውን ወስደዋል፤ ሰው በልቶታል።

ለምን ያን ጊዜ ተቻኮሉ? በአይጡ የተነሳ ነው። ደቡብ ጆርጂያ በበረዶ ግግር የተከፋፈለች ናት። አይጥ ግግሩን መሻገር አይችልም። ስለዚህ አንዱን ክፍል አጽድተህ ወደ ሌላው ትሄዳለህ። ግግሩ ግን በሙቀቱ እየቀለጠ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው። ከዘገዩ አይጡ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በ2011፣ በ2013 እና በ2015 በሄሊኮፕተር መርዝ በተነ። በ2018 ደሴቲቱ ከአይጥ ነጻ ናት ተባለ። ወፎቹ ተመለሱ። ታሳክ ውስጥ የምትኖር ፒፒት የምትባል ዘማሪ ወፍ አለች፤ ከአንታርክቲክ አቅራቢያ የምትዘምረው እሷ ብቻ ናት ይላሉ። አሁን ጀልባው ላይ ሆነህ ትሰማታለህ።

አርማው ላይ ያለው ሬይንዲር ግን አለ። እሱን የሚያወርደው የለም።

---

ለምን ብዬ

እሺ ይሄን ወደድኩት። ግን አንድ ነገር ያምታታኛል። ስድስት ሺህ እንስሳ ለሣር ተብሎ ተገደለ። የባሕር እንስሳትስ? አቆስጣውም ታሳክ ላይ ይተኛል፣ ይረግጠዋል ይባላል። እሱንም ሊገድሉት ነው?

---

ሐና ዘዕፅዋት

@ለምን ብዬ ዛሬ ጥሩ ጥሩ ጥያቄ እየጠየቅክ ነው።

እውነትህን ነው፤ ፈር ሲል የሚባሉት አቆስጣዎች ታሳክን ይጎዳሉ። በቆዳ ነጋዴዎች ሊያልቁ ነበር። ተጠበቁ፤ ተመለሱ። አመላለሳቸው ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ደቡብ ጆርጂያ ላይ በሚሊዮን ደረጃ እስከ መቆጠር ደርሰዋል። ባሕር ዳር ያለውን ታሳክ እየረገጡ፣ እየተኙበት ብዙ ቦታ ራቁቱን አድርገውታል። በርድ ደሴት ላይ በደንብ ይታያል።

ግን የሚገድላቸው የለም፤ መግደልም የለበትም ባይ ነኝ። አቆስጣውና ታሳኩ አብረው የኖሩ ናቸው። ፎክላንድ ላይ የተደረገ ጥናት ፒቱን ቆፍሮ ሲያይ፣ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወፎች በብዛት ሲሰፍሩ ነው ታሳኩ የገነነው። ኩሳቸው ማዳበሪያው ነው። የባሕር እንስሳ ይረግጠዋል፣ ያዳብረዋል፤ ቦታ ይቀይራል፣ ሣሩ ይመለሳል። ሬይንዲሩ ግን ከባሕር ምንም አያመጣም። ይበላል ብቻ።

---

የመንዝ ሰው

ሞተር ክፍል ልጄ፣ ቀበሮስ አላቸው?

---

ሞተር ክፍል

ነበራቸው ጋሼ። ዋራ የሚባል። ፎክላንድ ላይ ከሰው በፊት የነበረ ብቸኛው የየብስ አጥቢ እሱ ነው። ሰው አይፈራም ነበር። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1833 እና በ1834 ሲመጣ አይቶት «ይሄ እንስሳ በቅርቡ ያልቃል» ብሏል። በግ ይበላል ተብሎ ተገደለ፣ ተመረዘ። በ1876 አለቀ።

---

የመንዝ ሰው

የእኛውም በግ ይበላል ይባላል። የሚበላው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጥ ነው። ጓሳው ከተመታ አይጡ ይሄዳል፤ አይጡ ከሄደ ቀበሮው ወዴት ይሂድ? ሣሩን የዘጉት አባቶች ቀበሮ ይጠበቅ ብለው አልነበረም። ለክዳን ብለው ነው። ግን ተጠበቀ።

---

ሐና ዘዕፅዋት

ጋሼ በዚህ አባባልዎ እስማማለሁ። ፎክላንድም ላይ አንድ ሙሉ ደሴት የዳነው ማንም ሣር እተክላለሁ ብሎ አይደለም። ስቲፕል ጄሰን የምትባል ደሴት አለች። ድሮ በግ ይግጥባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 በጉ ወጣ። በ1970 አንድ እንግሊዛዊ የወፍ መናፈሻ ባለቤት እሷንና አጠገቧ ያለችውን ደሴት ገዛቸው። ሰውየው ደግሞ ቀልደኛ ነገር ነው፤ ለጥበቃው ገንዘብ ለማሰባሰብ ፔንግዊን የታተመበት የራሱን የብር ኖት አሳትሞ ለሰብሳቢዎች ሸጠ 😄 በኋላ ደሴቶቹ ለኒው ዮርኩ የዱር እንስሳት ጥበቃ ማኅበር በስጦታ ተሰጡ።

በጉ ሲወጣ ታሳኩ በራሱ ተመለሰ። ዛሬ የዓለም ትልቁ የጥቁር ቅንድብ አልባትሮስ መንጋ እዚያ ነው የሚፈለፍለው። የቀረው ጠላት የቤት አይጥ ነው፤ ትንሿ። ወፎቹን ታስቸግራለች።

እንዲህ የሚመለሰው ግን ጉቶና ዘር በአቅራቢያው ከቀረ ነው። አፈሩ ጥቁር ሆኖ ከተራቆተ በእጅ መትከል ግድ ነው። ፎክላንድስ ኮንሰርቬሽን የሚባለው ድርጅት በጎ ፈቃደኞች ይዞ ይህን ይሠራል። ከጤነኛ ጉቶ ላይ ግንጣይ ይወስዳሉ፣ ጉድጓድ እየቆፈሩ በእጅ ይተክላሉ። ቬቲቨር የተከለ ሰው ሥራው አይጠፋውም። ጓንት፣ አካፋ፣ ወገብ።

---

ለምን ብዬ

ታዲያ መዝገቡ ላይ ለምን «የሚያሰጋ» አይሉትም? እንዲህ ከሆነ ገንዘብም ይመጣለት ነበር።

---

ሐና ዘዕፅዋት

መዝገቡን ማጣመም አያስፈልግም። ነገ እውነት የሚጠፋ ሣር ሲመጣ ማን ያምናል? የላይሳኑን ሣር ዘመድ አስብ፤ «ለመጥፋት የተቃረበ» የሚለው ስም ለእንደሱ ያለው ነው። ለታሳክ የሚያስፈልገው ሌላ ልኬት ነው። ስንት ሄክታር ቀረ፣ ስንቱ በአጥር ውስጥ ነው፣ ስንት ደሴት ከአይጥ ነጻ ነው። ፎክላንድ ላይ የሚሠሩት ሰዎች የሚቆጥሩት ይህንኑ ነው።

---

የመንዝ ሰው

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ተክለውት ስንት ዓመት ነው ከብት የማያስገቡበት?

---

ሞተር ክፍል

ጋሼ፣ በሚቀጥለው ዙር ስታንሊ ስንቆም እዚያው ለሚተክሉት ሰዎች አቀርበዋለሁ። የጓሳን ነገርም አነሳላቸዋለሁ። ፎቶ ካለዎት እዚህ ይለጥፉልኝ፤ የክረምቱንም የበጋውንም።

---

የመንዝ ሰው

ፎቶውን የልጄ ልጅ ነው የሚያውቅበት። ቅዳሜ ሲመጣ አስለጥፈዋለሁ። እስከዚያ ግን ጠይቃቸው፦ አጥሩን ማን ነው የሚጠብቀው? ደመወዝተኛ ነው ወይስ ሰፈሩ በተራ?